የኦቦ ዋቅወያ እጅ

ፈየራ እጅ ከሐሳቡ መሳል አይችልም። ወንበር ዓይኑን ጨፍኖ ይስላል፤ ባጃጅ፣ ታንክ፣ የሹም ቦርጭ፣ የተራበ ውሻ፣ ምን የመሰለ አድርጎ ያወጣዋል። እጅ ላይ ሲደርስ ግን አምስቱ ጣቶች እንደ ሙዝ እጅብ ብለው ቁጭ ይላሉ። ስለዚህ እጅ ባስፈለገው ቁጥር ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ካለችው ታፔላ መጻፊያ ቤቱ ደጃፍ ብቅ ይልና ያገኘውን አላፊ አግዳሚ "እስቲ አንዴ እጅህን" ይላል። የሰፈሩ ሰው ለምዶታል። ባጃጅ ነጂው መሪ እንደጨበጠ፣ ሽንኩርት ሻጯ ቢላዋ እንደያዘች ተስለውለታል። ጋዜጣው ሲመጣ የራሱን እጅ የፈለገ ሰው ግን የለም።

ጣጣው ሁሉ ከአላዛር ነው። አላዛር አዲስ አበባ የሚታተም የአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ አዘጋጅ ነው፤ ፈየራን በአካል አይቶት አያውቅም፣ ካርቱኑን የሚቀበለው በቴሌግራም ነው፣ ያውም ኔትወርክ ያለ ቀን። የትም ይሁን የት መንግሥት ተለወጠ በተባለ ቁጥር የፈየራ ስልክ ይጮሃል።

"ፈየራ፣ በአስቸኳይ እጅ ላክልኝ።"

እጁ ሁልጊዜ ከገጹ ቀኝ ጥግ ነው የሚመጣው። የኮት እጅጌ አለው፣ ከእጅጌው ሥር ነጭ ሸሚዝ ብቅ ይላል፣ እጅጌው ላይ "የውጭ እጅ" ተብሎ ይጻፍበታል። አንዳንዴ እንደ አሻንጉሊት በክር የታሰረ ሰው ያንቀሳቅሳል፣ አንዳንዴ ቼዝ ይጫወታል፣ አንዳንዴ ወንበር ይጎትታል። ከታች ደግሞ ትንንሽ ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ሽቅብ ያንጋጥጣሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ ነገር ልሳል ቢል አላዛር አይሰማውም።

ይኼ ነገር የፈየራን አንጀት ያሳርረዋል። የውጭ እጅ የሚባል ነገር የለም ብሎ አይደለም፤ አለ፣ ድሮም ነበር፣ ማንም ሞኝ የለም። ግን አገር ሙሉ ሰው ተሰልፎ፣ ጮሆ፣ ተሰድቦ፣ ታስሮ ያመጣውን ለውጥ፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ አንድ የኮት እጅጌ ከላይ መጥቶ ጠቅልሎ ሲወስደው ያመዋል። አንድ ቀን በስልክ "ሕዝቡስ እጅ የለውም እንዴ?" ብሎ ቢጮህበት፣ አላዛር ምንም ሳይመስለው "አለው፣ ግን ቦታ ይፈጃል" አለው።

ባለፈው ጊዜም ስልኩ ጮኸ። አፍሪካ ውስጥ የሆነ አገር መንግሥት ወድቋል፤ እጅ ይላክ።

ፈየራ እየተነጫነጨ ወደ ደጃፉ ሲወጣ ኦቦ ዋቅወያ ጃንጥላቸውን እንደ ከዘራ እየተመረኮዙ ከገበያ ሲመለሱ አገኛቸው። ኦቦ ዋቅወያ ጡረታ የወጡ የእንጨት ሠራተኛ ናቸው፣ ጎረቤቱ ናቸው፣ አባቱ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ለእሱም ለታናሽ እህቱ ለኬኔም እንደ አባት ናቸው። ሰላምታቸው ረጅም ነው። "አከም ቡልተ? ነጋ? እንዴት አደርክ? ኬኔ ደህና ናት? ቤቱ ደህና? ሥራው ደህና?" ብለው እስኪጨርሱ ፈየራ ጃኬቱን አውልቆ ጠበቃቸው።

"ኦቦ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ ይቺን ጃኬት በኮሌታዋ ጨብጠው እስቲ ወደ ላይ ያንጠልጥሉልኝ።"

"እንዲህ?"

"እንዲህ። አይንቀሳቀሱ።"

ሽማግሌው ክንዳቸው እስኪዝል ያዙለት። "ለምንድን ነው ኢልመ ኮ፣ ልጄ?" ቢሉት "ለጋዜጣ ነው" አላቸው፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ። "የእኔ እጅ ጋዜጣ ላይ?" አሉና ጥርሳቸውን አውጥተው ሳቁ። ፈየራ ሳቃቸውን አላየም፤ እጁን ነው ያየው። ሰፊ እጅ ነው፣ መዳፉ እንደ ላሜራ የጠነከረ፣ ትንሿ ጣት መሐሏ ላይ ተሰብራ ስትድን ወደ ውጭ ዘንበል ያለች። እንዳየው ሳለው፤ ጣቷንም አልዘለላትም።

ያን ዕለት ደግሞ እልህ ያዘው። እጁ አንዱን ራሰ በራ መሪ በኮሌታው አንጠልጥሎ ከወንበሩ ሲያነሳው ሳለ፤ ከወንበሩ ሥር ግን ሕዝብ ደረደረ። ሕዝቡ ሽቅብ አያንጋጥጥም። እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ የወንበሩን አራት እግር ጨብጦ ይገፋል። አንዳንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዳንዱ ወደ ግራ፣ ግን ይገፋል። ፈየራ ሥራውን አይቶ ለራሱ "ጎሽ" አለ። ኔትወርክ ሲመጣ ላከው።

ሐሙስ ዕለት ጋዜጣው ደረሰ። ጋዜጣ ነቀምቴ የሚደርሰው በአውቶቡስ ነው፣ መኪናው አኖ ከተማ ላይ ምሳ ሲቆም ጋዜጣውም አብሮ ይቆማል። መናኸሪያው አጠገብ ጋዜጣና የሞባይል ካርድ የሚሸጠው አሊ በሳምንት ከአምስት የበለጠ አይሸጥም ነበር። ያን ቀን ፈየራ ሲደርስ ጠረጴዛው ባዶ ነው።

"አብሽር ፈየራ፣ አንድም አልቀረኝ" አለ አሊ። ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እሱ እዚሁ ቢወለድም አነጋገሩ የወላጆቹ ነው። "ወላሂ እንዲህ ሁሌም የሰፈር ነገር ብትስል እኔም ሰው እሆን ነበር።"

"የምን የሰፈር ነገር?"

አሊ ለራሱ ያስቀራትን ከጠረጴዛው ሥር አወጣለት። ፈየራ አየና ክው አለ። ሕዝቡ የለም። ከወንበሩ ሥር የነበረው ሁሉ ተቆርጦ የቆርቆሮ ማስታወቂያ ገብቶበታል። የቀረው እጅ፣ የተንጠለጠለ ራሰ በራ ሰውዬና ባዶ ወንበር ብቻ ነው። "የውጭ እጅ" የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ከዋናው በእጥፍ ጎልቶ ተጽፏል።

"ምኑ ነው የሰፈር?" አለ ፈየራ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

አሊ በአዘኔታ አየው። "ኧረ በአላህ፣ ጣቷን ያላወቀ አለ እንዴ? ልጄ ስትወለድ ራሷ ላይ ያረፈች ጣት እኮ ናት።"

እውነት ነው። ባኬ ጃማ ውስጥ ያ እጅ ራሱ ላይ ያላረፈ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ሙሽራ ሲወጣ፣ ተማሪ ለፈተና ሲሄድ፣ የተጣላ ሲታረቅ፣ ቀኝ እጃቸውን አንስተው የሚመርቁት ኦቦ ዋቅወያ ናቸው። ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲጠብቅ ከሁሉ በፊት የሚታየው ያ እጅ ነው፣ ከእጁም ያቺ ወጣ ያለች ጣት። ያም አልበቃ ብሎ ሽማግሌው ራሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ላገኙት ሁሉ "እጄ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ፈየራ ስሎኛል" እያሉ ሲናገሩ ነው የሰነበቱት። ሰው ጋዜጣውን የገዛው እጁን ፍለጋ ነው።

ራሰ በራውን ሰውዬ ደግሞ ሁሉም አቶ መሸሻ ነው አለ። ፈየራ ሥልጣን ላይ ያለን ሰው ሁሉ ራሰ በራ አድርጎ ነው የሚስለው፤ ፀጉር ጊዜ ይፈጅበታል። ይኼን ለማን ያስረዳ!

የአቶ መሸሻ ነገር እንዲህ ነው። የሰፈሩን እድር ለብዙ ዓመት የመሩት እሳቸው ናቸው። የእድሩ ድንኳን አርጅቶ ሲቀደድ፣ ጀርመን የምትኖረው የኦቦ ዋቅወያ ልጅ ዱረቲ ከምትጸልይበት ማኅበር አሰባስባ አዲስ ድንኳን ላከች። አቶ መሸሻ "ያልተመዘገበ ዕርዳታ ነው" ብለው መጋዘን ቆለፉበት። በዚያ ክረምት አንዲት እናት ሞቱና ለቀስተኛው ሁሉ በቀዳዳው ድንኳን ሥር ዝናብ ሲወርድበት ዋለ። በማግሥቱ አባላቱ ተሰበሰቡ፣ እጅ አወጡ፣ አቶ መሸሻን አውርደው አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ሊቀ መንበር አደረጉ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ዝናብ ነው ያወረዳቸው። አቶ መሸሻ ግን ከዚያን ዕለት ጀምሮ "የውጭ እጅ አለበት" ይሉ ነበር። የሚሰማቸው አልነበረም፣ ጋዜጣው እስኪመጣ።

ፈየራ ሱቁ ሲደርስ አቶ መሸሻ ደጃፉ ላይ ቆመው አገኛቸው። ካርቱኑን ፎቶ ኮፒ አድርገው በብብታቸው ይዘውታል። አቅፈው ሳሙት።

"እውነት የሚናገር ጠፋ ስል፣ አንተ ለካ እዚሁ አፍንጫዬ ሥር ነበርክ!"

"ኧረ ኦቦ መሸሻ፣ ይኼ እድሩን አይመለከትም!"

"ገባኝ፣ ገባኝ። በግልጽ አይባልም።" በዓይናቸው ጠቀሱት።

"ምንም የሚገባ ነገር የለውም እኮ! ይኼ አፍሪካ ውስጥ ስላለ አገር ነው።"

"የትኛው አገር?"

አላዛር የአገሩን ስም አልነገረውም ነበር። እሱም አልጠየቀም፤ ያው እጅ ለሁሉም ስለሚያገለግል።

"አየህ!" አሉ አቶ መሸሻ። ፎቶ ኮፒያቸውን እያደሉ ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ፈየራ ሰላም አላገኘም። ባጃጅ ሲሳፈር ነጂው ዞሮ "ለመሆኑ ጀርመኖቹ ከእድራችን ምን ይፈልጋሉ?" ይለዋል። አንዱ መምህር ሱቁ ገብቶ፣ ወንበር ስቦ ተቀምጦ፣ ጀርመን ብቻ እንዳልሆነች፣ ከኋላዋ ሌላ ትልቅ አገር እንዳለች፣ ድንኳኑ ሰማያዊ የሆነው በምክንያት እንደሆነ አስረዳው። ፈየራ "ድንኳኑ ሰማያዊ የሆነው ሰማያዊ ሸራ ስለተገኘ ነው" ቢል "አንተማ እንዲህ ማለት አለብህ፣ ሥራህ ነው" አለው። የማይቀየሙት ሰው ሆኖ እንጂ ብሩሹን ሊወረውርበት ምንም አልቀረውም።

ለአላዛር ደወለ።

"ማስተካከያ አውጣ። ሙሉውን ሥዕል እንደገና አትም።"

"ካርቱን ማስተካከያ የለውም ወንድሜ።"

"ግማሹን ቆርጠህ ነው ያወጣኸው! ትርጉሙን ገልብጠኸዋል!"

"የቆርቆሮው ማስታወቂያ በመጨረሻ ሰዓት መጣ። ደግሞ እመነኝ፣ እንዲህ ነው የሚያምረው። እጁ ግሩም ነው፣ ያቺ ጠማማ ጣት ምን የመሰለች ተንኮለኛ ናት! ከየት አመጣሃት?"

ፈየራ ስልኩን ዘጋው። ሁለት ቀን ሙሉ "ተንኮለኛ" የምትለዋ ቃል ከጆሮው አልወጣችም።

ኦቦ ዋቅወያ ቤት የሄደው ተገዶ ነው። የኬኔ ሠርግ ደርሷል፤ ሙሽራው የአኖ ልጅ ነው፣ ወገኖቹ በመጪው ቅዳሜ ሊወስዷት ይመጣሉ። በአባቷ ፋንታ ቆመው መርቀው የሚያስወጧት ኦቦ ዋቅወያ ናቸው። ይኼ የተነገረ እንኳ አይደለም፤ ድሮ ያለቀ ነገር ነው። ኬኔ ግን ከጎረቤት ወሬ ሰምታ እያለቀሰች መጣች። "እጃቸውን ኪሳቸው ከተዋል አሉኝ። ባለፈው እሑድ ሕፃን ይመርቁ ብለው ሲጠሯቸው እምቢ አሉ አሉ። ፈየራ፣ ያለዚያ እጅ ከዚህ ቤት አልወጣም። ሂድና መልሰው።"

ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ፀሐይ ነው፣ ኮት ለብሰዋል፣ ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። በግራ እጃቸው ሰላም አሉት። ያ ሁሉ "አከም ቡልተ" ዛሬ የለም።

ፈየራ ከሕዝቡ እስከ ቆርቆሮው ያለውን ሁሉ ዘረገፈው። ኦቦ ዋቅወያ እስከ መጨረሻው ሰምተውት "እሺ፣ አንተ ክፉ አላሰብክም" አሉ።

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ ሰው አይቶታል። ጋዜጣው በመጣ ማግሥት አንዲት ልጅ ራሷ ላይ እጄን ልጭን ስል ሽቅብ ጣቴን አየችና ሳቀች። በክፋት አይደለም፣ ልጅ ናት። ጋዜጣው ነው ትዝ ያላት። እንዲህ ሆኖ ምርቃት ምን ይሆናል?"

"ይረሱታል ኦቦ።"

"እኔ እኮ ለሰው ሁሉ ተናግሬ ነበር። እጄ ሊወጣ ነው ብዬ። መነጽሬን እንኳ ሳላደርግ፣ የተጻፈበትን ሳላነብ ነው ጋዜጣውን ለቄሱ ያሳየሁት። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ይቺን ጣት ስትስል ከየት እንደመጣች ትዝ አላለህም?"

ፈየራ ያውቃል፣ እንዴት አያውቅም! የአባቱ ለቅሶ ላይ ነው። ዝናብ ነበር፣ የድንኳኑ ምሰሶ ከተተከለበት ተንሸራቶ ወደቀ፣ ከሥሩ ኬኔ ገና ሕፃን ሆና ተቀምጣ ነበር። ኦቦ ዋቅወያ ምሰሶውን በእጃቸው ቀለቡት። ቀብሩ ሳይፈጸም ሐኪም ቤት አልሄድም ብለው፣ ጣታቸውን በነጠላ ጠርዝ ጠቅልለው ዋሉ፤ ስለዚህም ነው ጠማማ ሆና የዳነችው። ፈየራ ይኼን ሁሉ ያውቃል። እርሳሱን ሲይዝ ግን ጣት ብቻ ነው ያየው። በራሱ እንዲህ ተናድዶ አያውቅም።

"ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ኬኔን አላሳፍራትም" አሉ ኦቦ ዋቅወያ። "በአፌ እመርቃታለሁ። እጄን ግን ተወው።"

በማግሥቱ ከሰዓት እድሩ መደበኛ ስብሰባ ነበረው። ፈየራ ዋናውን ሥዕል፣ ሳይቆረጥ በፊት የሳለውን፣ ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። ተነሥቶ ዘረጋው። "ይኸው፣ በዓይናችሁ እዩ! እጁ ብቻውን አይደለም። ሥሩ ሰው አለ፣ የሚገፋው ሰው ነው! እዚህም ቤት ኦቦ መሸሻን ያወረዳቸው ማን ነው? እዚሁ እጃችሁን አውጥታችሁ እናንተ አይደላችሁም? እኔስ አላወጣሁም?"

ሰው ሁሉ ዓይኑን ሥዕሉ ላይ ተከለ። ፈየራ ገባቸው ብሎ ልቡ ሞላ። ከኋላ ያሉት ለማየት ተነሡ፣ ከፊት ያሉት ተጠጉ፣ ሥዕሉን ከበቡት።

"ይቺ ቀለበት ያላት የአዴ ሲሀም እጅ ናት።"

"አይደለም፣ የሲሀም ወፍራም ነው።"

"ይኼ ወደ ግራ የሚገፋው ማን ነው? ኧረ ይኼ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ነው!"

"እኔን ለምን ከኋላ አደረግከኝ?" አለ አንዱ፣ በእውነት ተቀይሞ።

"ማንንም አልሳልኩም! ዝም ብሎ ሕዝብ ነው!" ፈየራ ጮኸ። ቢጮህ ማን ሊሰማው።

አቶ መሸሻ ቀስ ብለው ተነሡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ረጋ ባለ ድምፅ "ጥሩ፣ እነዚህ እጆች ወጥተዋል። እኔ ወጥተው አላየሁም አልልም፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። ጥያቄዬ፣ ማን አስወጣቸው ነው" አሉ፤ ጣታቸውንም ከላይ ወደሚመጣው እጅ ቀሰሩ። "ሥዕሉ ራሱ እኮ ይናገራል። ከላይ ሳይዝ ከታች ማን ይገፋል?"

ግማሹ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ፈየራ ሥዕሉን ጠቀለለና ወጣ። በሕይወቱ ዘመን ከአላዛር ጋር ሲከራከር የኖረውን ነገር የገዛ ሰፈሩ ፊቱ ላይ መልሶ ወረወረበት። ይኼ ሕዝብ ዝናብ ወርዶበት፣ ተናዶ፣ በገዛ እጁ ያደረገውን ነገር እኔ አይደለሁም፣ ሌላ ነው ሲል ምን ይባላል? ከመንገድ ዳር ቆሞ ቀዶ ሊጥለው ፈለገ። ደግሞ ያ እጅ እዚያ ላይ አለ። መቅደድ አልቻለም።

ቅዳሜ የአኖ ሰዎች መጡ። መዘምራኑ ዘመሩ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። አዲሱ ሰማያዊ ድንኳን ግቢው ላይ ተወጥሯል፤ አቶ መሸሻ ከሥሩ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ቢጣሉም ሠርግና ለቅሶ ላይ አይቀሩም፣ እንዲያውም ከሁሉ በፊት የደረሱት እሳቸው ናቸው። ግብዣው ሲያበቃ የመሸኛው ሰዓት ሆነ። ኬኔና ሙሽራው በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

ኦቦ ዋቅወያ ቆሙ። ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው።

"ዋቀዮ..." ብለው የፈጣሪን ስም ጠሩና አቆሙ።

ሰው ጠበቀ። ምርቃት እንዴት እንደሚጀመር ሁሉም ያውቀዋል፤ መጀመሪያ እጁ ይነሣል፣ ቃሉ ተከትሎ ይመጣል። እጁ አልተነሣም፣ ቃሉም አልመጣ አለ። ከአኖ ወገን አንዱ "አሟቸዋል እንዴ?" ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀ። ኬኔ አንገቷን እንደደፋች ማልቀስ ጀመረች። ፈየራ ቆሞ መሬት ብትውጠው ይመኝ ነበር።

"አውጣው እንጂ!"

አቶ መሸሻ ናቸው። ከወንበራቸው ተነሥተዋል፣ ፊታቸው ቀልቷል።

"ዋቅወያ፣ ምን ሆነሃል? ልጅቷ ተንበርክካ አይደለም? እጅህን አውጣና መርቅ እንጂ! ያለ እጅ ምርቃት የት አገር ነው ያየኸው?"

ኦቦ ዋቅወያ ዞር ብለው አዩዋቸው። "የውጭ እጅ ነው ብለህ ወረቀት ስታድል ከርመሃል እኮ።"

"ታዲያ እሱ ስለ ወንበሩ ነው!" አሉ አቶ መሸሻ፣ በእውነት ተገርመው፣ በእውነትም ተናድደው። "ስለ ወንበሩ ነው ያልኩት፣ ስለ ምርቃቱ መቼ አልኩ? የእኔን ሦስት ልጆች የመረቀ እጅ አይደለም እንዴ? ኧረ ተው፣ ሰው አታስጠብቅ!"

ከአንድ ጥግ ሳቅ ተሰማ፣ ወዲያው ተዋጠ። ፈየራ እንኳን መሳቅ፣ ሰውዬውን በኮሌታቸው አንጠልጥሎ ከድንኳኑ ማውጣት ነው ያማረው። ሰፈሩን ሁሉ ሲያምሱ ከርመው፣ የሽማግሌውን እጅ ኪሳቸው ውስጥ ከርችመው፣ አሁን ደግሞ ለምን አላወጣህም ብለው ይቆጣሉ! ያም ሆኖ እጁ ከኪስ ወጣ። ቀስ ብሎ፣ የሚያሳፍር ነገር እንደያዘ ሁሉ።

ኦቦ ዋቅወያ ግን እጃቸውን ወዲያው አላነሡም። በዓይናቸው ፈየራን ፈለጉ።

"ፈየራ፣ ና። ከእህትህ ጎን ተንበርከክ።"

መጥቶ ተንበረከከ። እንደ ልማዱ ሽቅብ ወደ እጁ አየ።

"ዛሬ እንኳ አትየው" አሉት፣ እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ። "ጨፍን።"

ጨፈነ። ከልጅነቱ ጀምሮ ምርቃት ላይ ዓይኑን ጨፍኖ አያውቅም ነበር፤ ሰው ሲጨፍን እሱ እጅ ያይ ነበር። አሁን ጨለማ ሆነበት። ኬኔ አጠገቡ ስትተነፍስ ሰማ። "ዋቀዮ ኢሲን ሃ ኤቢሱ" ሲሉ ሰማ፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ፣ ቤታችሁ ይሙላ፣ ልጅ ይውጣላችሁ፣ የወጣችሁበት ደጅ አይዘጋባችሁ እያሉ ቃሉ ሲቀጥል፣ ሕዝቡም አሜን ሲል ሰማ። ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የአቶ መሸሻ አሜን ነበር። እዚያው ተንበርክኮም ያ ድምፅ አበሸቀው።

ከዚያ እጁ የእሱ ራስ ላይ አረፈ። ከበድ ያለ ነው። አራቱ ጣቶች ፀጉሩ ላይ ተኙ። ትንሿ ጣት ግን አልተኛችም፣ ለብቻዋ ወጣ ብላ ጆሮውን ነካችው። ፈየራ ዓይኑን እንደጨፈነ እጁን ወደ ላይ ሰደደና ጣቷን ያዛት።